ያገለገለ መኪና ከመግዛታችን በፊት፦ ታሪኩን እንዴት እናጣራ?



በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ፣ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ የሚኖር አንድ ቤተሰብ በዕድሜው ከሚፈጽማቸው ትልልቅ ግዢዎች ከቤት ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ ጊዜ መኪና ነው። ገንዘቡ የሚሰበሰበው ከዕቁብ፣ ከሽንኩርትና ከቲማቲም ሽያጭ፣ ከሱቅ ትርፍ ወይም ዓረብ አገር ከሚሠሩ እህቶችና ወንድሞች ላብ ነው። ግዢው ግን አንዳንዴ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በደላላ ጥድፊያና በሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ በተጻፈ ወረቀት ያልቃል። ከወራት በኋላ ባንክ «መኪናው የእኔ መያዣ ነው» ብሎ ሲመጣ፣ ወይም ፖሊስ የሻንሲ ቁጥሩ የተነካ መሆኑን ሲደርስበት የሚጠፋው የብዙ ዓመት ጥሪት ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞው ይበልጥ አሳሳቢ ሆኗል። በየካቲት 2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ (ቁጥር 1186/2012) ዕድሜያቸው የገፋ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ ውጭ የሆኑ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያሉት ቪትዞች፣ ኮሮላዎችና ያሪሶች ከእጅ ወደ እጅ መዞራቸው ቀጠለ፤ ዋጋቸውም ናረ። አንድ መኪና ብዙ ባለቤት በቀያየረ ቁጥር ደግሞ ታሪኩ እየደበዘዘ ይሄዳል።

በዚህ ጽሑፍ የመኪናን ታሪክ ከወረቀቱ፣ ከሻጩ፣ ከመጣበት አገርና ከመኪናው አካል እንዴት ማንበብ እንደሚቻል ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን። ቀብድን፣ ውልንና ደላላን የሚመለከቱ የሸሪዓና የአገር ሕግ ነጥቦችንም እንጨምራለን።

ማጣራት ከመጥፎ ጥርጣሬ ይቆጠራልን?

አንዳንድ ወንድሞቻችን «ሻጩ የመስጂድ ጀመዓችን ነው፤ ወረቀት ማጣራት እርሱን መጠርጠር ይሆንብኛል» ይላሉ። ይህ ትክክል አይደለም። ሸሪዓ በመገበያየት ውስጥ ጀሃላን (የሚሸጠው ነገር አለመታወቅን) እና ገረርን (ለአንዱ ወገን ግልጽ ያልሆነ አደጋን) የከለከለው ወንድማማችነት እንዲጠበቅ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ውስጥ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከሥር እርጥበት እንዳገኙና ነጋዴውን እርጥቡን ወደ ላይ አውጥቶ ሰው እንዲያየው ለምን እንዳላደረገ እንደጠየቁት በሙስሊም ዘገባ የታወቀ ነው። ከክምሩ ሥር ማየት እንግዲህ ሱንናዊ መሠረት ያለው ነገር ነው። መኪናን ከሥሩ ማየትም እንዲሁ።

ሻጭም ቢሆን የሚያውቀውን ነውር (ዐይብ) የመንገር ግዴታ አለበት። ደህና ሻጭ ገዢው ሲያጣራ አይከፋውም፤ እንዲያውም ከኃላፊነት ይገላገላል። ሲጣራበት የሚቆጣ ሻጭ ራሱ አንድ ምልክት ነው።

1. ከሊብሬው እንጀምር

የተሽከርካሪ መታወቂያ ደብተር ወይም በተለምዶ ሊብሬ የምንለው ሰነድ የመኪናው መታወቂያ ነው። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 በአገራችን ማንኛውም ተሽከርካሪ እንዲመዘገብ፣ ሰሌዳ እንዲኖረውና በየዓመቱ እንዲመረመር ይጠይቃል። ሊብሬውን ስንይዝ የሚከተሉትን አንድ በአንድ እናመሳክር፦

• የሻንሲ ቁጥር። በሊብሬው ያለውን በመኪናው አካል ላይ ከተመታው ጋር ፊደል በፊደል፣ ቁጥር በቁጥር እናነጻጽር። በብረቱ ላይ የተመታው ቁጥር ዙሪያ የመሞረጃ ምልክት፣ አዲስ ብየዳ፣ አዲስ ቀለም ወይም እኩል ያልሆነ የፊደል ርቀት ካለ እንቁም።

• የሞተር ቁጥር። ሞተር የተቀየረበት መኪና ብዙ ነው፤ ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን አዲሱ ቁጥር በመዝገብ መግባት አለበት። «በኋላ ታስገባዋለህ» የሚል ሻጭ ችግሩን ወደ ገዢው እያዛወረ ነው።

• ቀለም፣ የተሠራበት ዘመን፣ የመጫን አቅም። በሊብሬው ነጭ ተብሎ መኪናው ብር ቀለም ከሆነ ለምን እንደተቀባ መጠየቅ አለብን።

• ቦሎ። ዓመታዊ ምርመራው ወቅታዊ ነውን? ለበርካታ ዓመታት ቦሎ ያልተለጠፈበት መኪና የቆመበት ምክንያት አለው፤ ክስ፣ አደጋ ወይም የባለቤትነት ጭቅጭቅ ሊሆን ይችላል።

• የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ያለዚህ ዋስትና መኪና ማሽከርከር ክልክል ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ስምና ሰሌዳ ከሊብሬው ጋር መግጠሙን እንይ።

የሰሌዳ አሠራሩ እየታደሰ ቢመጣም ብዙዎቻችን የምናውቃቸው ኮዶች አሁንም ብዙ ይናገራሉ፤ ኮድ 1 ታክሲ፣ ኮድ 2 የግል፣ ኮድ 3 የንግድ፣ ኮድ 4 የመንግሥት ነው። ዛሬ ኮድ 2 የሆነ መኪና ትናንት ኮድ 3 ሆኖ በኪራይ ወይም በጭነት ሥራ ላይ ከነበረ አካሉ ከሚመስለው በላይ ደክሟል ማለት ነው። ይህ የሚታወቀው ከፋይሉ ነው።

2. ፋይሉ ያለበት ቦታ እንሂድ

ሊብሬ በእጅ መኖሩ ብቻ በቂ አይደለም፤ ሐሰተኛ ሊብሬ ይሠራል። የተከራዩትን መኪና በሐሰተኛ ሊብሬና በሐሰተኛ መታወቂያ የሚሸጡ ሰዎች መኖራቸው የታወቀ ነው። እርግጠኛው ማስረጃ በመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ያለው ፋይል ነው።

እዚህ ላይ የአዳማና የስምጥ ሸለቆ ገዢ አንድ ልዩ ፈተና አለበት። በከተሞቻችን ከሚሸጡት መኪኖች ብዙዎቹ «አ.አ.» ሰሌዳ ያላቸው ናቸው፤ ፋይላቸው ያለው አዲስ አበባ ነው። «ኦሮ» ሰሌዳ ያለው መኪና ደግሞ ፋይሉ በተመዘገበበት የኦሮሚያ ከተማ ወይም ዞን የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ይገኛል። በሻሸመኔ የሚሸጥ መኪና ፋይሉ ቢሾፍቱ ሊሆን ይችላል። ርቀቱን ሰበብ አድርገን መተው የለብንም። የፍጥነት መንገዱ ከተከፈተ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ከአዳማ አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ የአንድ ቀን ጉዳይ ነው። የአንድ ቀን የመንገድ ወጪ ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም ማለት ነው።

ወደ መሥሪያ ቤቱ የምንሄደው ከባለቤቱ ጋር ነው። እዚያም አራት ነገር እንጠይቅ፦ ባለቤቱ በፋይሉ ውስጥ ማን ነው? ሻንሲና ሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይገጥማል? በፋይሉ ላይ የባንክ፣ የፍርድ ቤት፣ የፖሊስ ወይም የገቢዎች እግድ አለ? ከሌላ ክልል ወይም ከሌላ ኮድ የተዛወረ ከሆነ የዝውውሩ ሰነድ ሙሉ ነው?

ባለቤቱ አብሮን ለመሄድ ፈቃደኛ ካልሆነ፣ ወይም «ፋይሉን እኔ አጣርቼልሃለሁ» እያለ ከደላላው ጋር ብቻ የሚያገናኘን ከሆነ ግዢው ይቅርብን።

3. ዕዳ፣ እግድና ቀረጥ

መኪና ዕዳ ይዞ ይሸጣል። ዋና ዋናዎቹ አራት ናቸው።

የመጀመሪያው የባንክ መያዣ ነው። በባንክ ብድር የተገዛ ወይም ለብድር የተያዘ መኪና ዕዳው ካልተከፈለ ባንኩ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 በተዘረጋው ሥርዓት መሠረት በሐራጅ ሊሸጠው ይችላል። በተጨማሪ በተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት በብሔራዊ ባንክ የሚመራ የመያዣ መዝገብ ተቋቁሟል። ስለዚህ ከትራንስፖርት ፋይሉ ባሻገር ሻጩ ብድር ካለበት ወይም ከነበረበት የባንኩን የዕዳ ነፃ ደብዳቤ (ክሊራንስ) በዋናው ቅጂ ማየት ተገቢ ነው። ከወለድ ነፃ በሆነ የሙራበሓ ውል የተገዛ መኪናም ክፍያው እስኪያልቅ ተይዞ ሊቆይ ስለሚችል «ከወለድ ነፃ ስለሆነ ዕዳ የለበትም» ብሎ መገመት ስህተት ነው።

ሁለተኛው የፍርድ ቤት እግድ ነው። በፍቺ፣ በውርስ ወይም በገንዘብ ክርክር ላይ ያለ መኪና ይታገዳል።

ሦስተኛው ግብር ነው። በተለይ አይሱዙ፣ አባዱላና ሌሎች የንግድ መኪኖች ላይ ያልተከፈለ ግብር የስም ዝውውሩን ያስቆማል። የገቢዎች ክሊራንስ ከቀብድ በፊት መጠየቅ አለበት።

አራተኛው ቀረጥ ነው። ከቀረጥ ነፃ የገቡ መኪኖች አሉ፤ በኢንቨስትመንት፣ በመያድ፣ በዲፕሎማት ወይም በሌላ ልዩ መብት የገቡ። እንዲህ ያለ መኪና ተመሳሳይ መብት ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡ መከፈል አለበት። ዋጋው ከገበያው በጣም የቀነሰ ሆኖ ካገኘነው የመጀመሪያው ጥያቄያችን «የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ የታለ? ቀረጡ ተከፍሏል?» የሚል ይሁን። አዳማም ሞጆም የጉምሩክ ጽሕፈት ቤት ስላለ የዲክላራሲዮኑን ትክክለኛነት የት እንደምናጣራ ከዚያው መጠየቅ እንችላለን።

4. ሻጩ ማን ነው?

ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ሻጩ መብት የሌለው ሊሆን ይችላል።

ሀ. በውክልና የሚሸጥ። በአገራችን መኪና ስም ሳይዛወር በውክልና ብቻ ከሦስትና ከአራት ሰው እጅ ማለፉ የተለመደ ነው። አደጋው ትልቅ ነው። ወካዩ ውክልናውን ሊሽር ይችላል፤ ቢሞት ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውክልናው በመርህ ደረጃ ይቋረጣል። ያኔ ገዢው ከማያውቃቸው ወራሾች ጋር ይፋጠጣል። በውክልና የሚሸጥ ካለ፣ ውክልናው «ለመሸጥና ስም ለማዛወር» የሚል ግልጽ ሥልጣን እንዳለው፣ በሰጠው የሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ያልተሻረ መሆኑን፣ ወካዩም በሕይወት መኖሩን እናጣራ። ከተቻለ ወካዩን በስልክ ሳይሆን በአካል እናግኘው።

ለ. ባለትዳር። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ የባልና የሚስት ስምምነት እንዲኖር ይጠይቃል። ኦሮሚያም የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። ስለዚህ ሊብሬው በባል ስም ብቻ ቢሆንም ሚስት በውሉ ላይ ትፈርም። ያላገባ ከሆነ ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ያቅርብ።

ሐ. የውርስ መኪና። ይህ ለእኛ ከሁሉም በላይ የሚያስፈራ ነው። አባት ሞቶ ትልቁ ልጅ መኪናውን ሲሸጥ፣ እናቱ፣ እህቶቹና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ወንድሞቹ ድርሻ አላቸው። ሸሪዓ የየቲምን ገንዘብ መብላት ከከባድ ወንጀሎች አንዱ አድርጎታል። ገዢው እያወቀ ከገባበት የዚህ ወንጀል ተካፋይ ይሆናል። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት፣ ወራሾቹ ከተስማሙም ከሸሪዓ ፍርድ ቤት የወጣ፣ መታየት አለበት። ወራሾች ሁሉ ይፈርሙ፤ ለሕፃናቱ ሞግዚቱ በሕግ ተሹሞ ይፈርም።

መ. የድርጅት መኪና። ሥራ አስኪያጁ የመሸጥ ሥልጣን እንዳለው ከድርጅቱ መመሥረቻ ጽሑፍ ወይም ከማኅበርተኞች ቃለ ጉባኤ መታየት አለበት።

5. መኪናው ኢትዮጵያ ከመግባቱ በፊት

ብዙዎቹ መኪኖቻችን እዚህ ሲደርሱ አዲስ አልነበሩም። ገዢ በቀላሉ የሚያየው የአደጋ ታሪክ መዝገብ በአገራችን የተለመደ ባይሆንም፣ መኪናው የመጣባቸው አገሮች ግን መዝገብ አላቸው። ቁልፉ የሻንሲ ቁጥር ነው።

ዓለም አቀፉ የሻንሲ ቁጥር 17 ፊደላትና አኃዞች አሉት። በውስጡ «አይ»፣ «ኦ» እና «ኪው» የሚባሉት የላቲን ፊደላት ፈጽሞ አይገቡም፤ ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ነው። 17 በሆነ ቁጥር ውስጥ ከነዚህ አንዱን ካየን ቁጥሩ የሐሰት ነው፤ ወይም በስህተት ተገልብጧል። የመጀመሪያው ፊደል የተሠራበትን አገር ይጠቁማል፤ «ጄ» ጃፓን፣ «ኤል» ቻይና፣ 1፣ 4 እና 5 አሜሪካ ነው።

ከጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የመጡት፣ ለምሳሌ ቪትዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ17 ያነሰ፣ በመካከሉ ሰረዝ ያለው የፍሬም ቁጥር ነው ያላቸው። ይህ የተለመደ ስለሆነ አያስደንግጠን። የጃፓን ጨረታ ቤቶች ለእያንዳንዱ መኪና የምርመራ ወረቀት ያወጣሉ፤ ደረጃው «አር» ወይም «አርኤ» ከሆነ ዋና አካሉ ተጎድቶ የተጠገነ ነው ማለት ነው። ይህን ወረቀት በፍሬም ቁጥር ፈልገው የሚያቀርቡ የሚከፈልባቸው አገልግሎቶች በኢንተርኔት አሉ። በተጨማሪ ጃፓን መኪና የሚነዳው በመንገዱ ግራ በኩል ስለሆነ መሪያቸው በቀኝ ነው፤ እኛ ጋ የሚሄዱት መሪያቸው ወደ ግራ የተዛወረ ነው። የዳሽቦርዱ ሥራ፣ የፍሬኑ ፔዳል አያያዝ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱና የኤርባጉ ሁኔታ በመካኒክ ዓይን ይታይ።

ከአሜሪካ ተነሥተው በዱባይና በሻርጃ በኩል የመጡት ደግሞ አንዳንዶቹ በአደጋ ምክንያት ኢንሹራንስ ኪሳራ ያወጀባቸውና በርካሽ ጨረታ የተሸጡ ናቸው። በ17ቱ ቁጥር እንደ ካርፋክስ ባሉ አገልግሎቶች ታሪካቸውን መግዛት ይቻላል። ዓረብ አገር ዘመድ ያለው ሰው ይህን በቀላሉ ማስጨረስ ይችላል።

አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አንችልም፤ እርሱም የታካታ ኤርባግ ነው። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች ሲፈነዱ ስለታም ብረት እየረጩ ሰው በመግደላቸው በዓለም ዙሪያ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መኪኖች ተጠርተዋል። ከነዚህ ውስጥ ቶዮታዎችም፣ ሆንዳዎችም፣ ሌሎችም አሉ። በእርጥበትና በሙቀት መፈራረቅ ለብዙ ዓመት የቆየ ኤርባግ ይበልጥ አደገኛ ነው። የሠሪዎቹ ድረ ገጾች የሻንሲ ቁጥር ሲገባባቸው መኪናው በጥሪው ውስጥ መሆን አለመሆኑን ያለክፍያ ይነግራሉ። ይህ ከገንዘብም በላይ የነፍስ ጉዳይ ነው።

6. አካሉ የሚናገረው ታሪክ

ወረቀት ሊዋሽ ይችላል፤ ብረት ግን ብዙም አይዋሽም። ከሻጩ ጋር ዝምድና የሌለውን፣ ደላላውም ያልመረጠውን መካኒክ ይዘን እንሂድ። ዋጋውን ለመካኒኩ ከመኪናው ጋር ሳናያይዝ፣ ቢገዛም ባይገዛም እንክፈለው። አለዚያ እርሱም እንዲሸጥ የሚፈልግ ሌላ ደላላ ይሆናል።

ላሜራ። በቀን ብርሃን፣ መኪናው ታጥቦ ሳይሆን ደርቆ፣ ከጎን ዝቅ ብለን እንይ። የበሮቹ ክፍተት እኩል ነው? የቀለሙ ድምቀት ከአንዱ በር ወደ ሌላው ይለያያል? ስቱኮ ያለበት ላይ ማግኔት አይይዝም ወይም በደካማው ይይዛል። የኮፈኑና የበሮቹ ብሎኖች ቀለማቸው ከተላጠ ተፈትተው ነበር ማለት ነው።

ኪሎ ሜትር። ጌጁ በቀላሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። የፔዳሉ ላስቲክ፣ የመሪው ቆዳና የሾፌሩ መቀመጫ ያለቁ ሆነው ጌጁ ትንሽ ቢያሳይ አንመነው። የጎማው ጎን ላይ ያለው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራል፤ 2319 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት ማለት ነው። የደህንነት ቀበቶው ሥር ያለው ጨርቅ ላይም የተሠራበት ዘመን ይጻፋል፤ አንዱ ቀበቶ ከሌላው ከተለየ አደጋ ደርሶበት ተቀይሯል ብለን እንጠይቅ።

ሞተር። ጠዋት ሳይሞቅ እናስነሣው። ሻጩ ሞቆ ካቆየን በሌላ ቀን እንምጣ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን፣ ጥቁር ጭስ ነዳጅ መብዛቱን፣ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ የራዲያተር ውኃ ወደ ሞተር መግባቱን ይጠቁማል።

ለአካባቢያችን ልዩ የሆኑ ነጥቦች አሉ። አዳማና መተሐራ አካባቢ ሙቀቱ ብርቱ ስለሆነ የማቀዝቀዣው ሥርዓት ቀዳሚ ምርመራ ይገባዋል። የስምጥ ሸለቆው የጉድጓድ ውኃ ማዕድን የበዛበት በመሆኑ ለዓመታት ተራ ውኃ የተሞላበት ራዲያተር ውስጡ ዝቃጭ ይይዛል። ክዳኑን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ከፍተን የውኃውን ቀለም እንይ። ለሙከራ ጉዞ ሜዳው አይበቃም፤ ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወስደውን አቀበት ኤሲ ተከፍቶ እንውጣበት፣ የሙቀት ጌጁንም እየተከታተልን እንሂድ።

ከመቂና ከባቱ አካባቢ የሚሸጡ አይሱዙዎችና ፒካፖች ብዙዎቹ ሽንኩርትና ቲማቲም ከአቅም በላይ ሲጭኑ የኖሩ ናቸው። ባሌስትራው ተጨምሮበታል? ሻንሲው የተበየደበት ወይም የጎበጠበት ቦታ አለ? የኋላ ጎማዎቹ እኩል ያልቃሉ? ከሥሩ ሳይታይ እንዲህ ያለ መኪና መግዛት ልክ አይደለም።

የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ዋናው ጥያቄ የባትሪው ጤንነት ነው። በመመርመሪያ መሣሪያ የቀረው አቅም በመቶኛ ይለካ። ከሥር ባትሪው የተመታበት ምልክት መኖሩም ይታይ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በዱባይና በአካባቢዋ ከባድ ጎርፍ ስለነበር በዚያ መንገድ የመጣ መኪና ከምንጣፉ ሥር ጭቃ፣ በመቀመጫው ብረት ላይ ዝገት፣ የሻጋታ ሽታ እንዳለው እንመርምር።

7. ቀብድ፣ ውልና ክፍያ

ብዙ ጠብ የሚነሣው ከቀብድ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። በፊቅህ ደግሞ ዐርቡን የሚባለውን ይህን ዓይነት ቀብድ የሐነፊ፣ የማሊኪና የሻፊዒይ ዑለማዎች አይፈቅዱትም፤ የሐንበሊ መዝሀብ ይፈቅዳል። የዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1993 እ.ኤ.አ. የመጠበቂያው ጊዜ በግልጽ ከተወሰነ እንደሚፈቀድ ወስኗል። ከውዝግቡ ለመውጣት ቀላሉ መንገድ ቀብድን ከማጣራቱ በኋላ ማድረግ ነው። ግድ ከሆነ ደግሞ «ፋይሉ እግድ ካለበት፣ ሻንሲው ካልገጠመ ወይም መካኒኩ ይህን ነውር ካገኘ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» ብለን እንጻፍ።

ሸሪዓ ለገዢ የሚሰጠው ሌላ በር አለ፤ ኺያሩ ሸርጥ። ገዢው «ለተወሰኑ ቀናት የመመለስ ምርጫ ይኑረኝ» ብሎ ሊዋዋል ይችላል። በኢማም ሻፊዒይና በኢማም አቡ ሐኒፋ አስተያየት ይህ ከ3 ቀን አይበልጥም። ሦስት ቀን ፋይል ለማጣራትና መካኒክ ለማሳየት በቂ ነው።

ውሉ ሥልጣን ባለው የሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ይረጋገጥ። በውሉ ውስጥ የሻንሲና የሞተር ቁጥር፣ ትክክለኛው ዋጋ፣ ሻጩ የነገረን ነውሮች፣ የስም ዝውውሩ የሚያልቅበት ቀንና ወጪውን የሚሸፍነው ወገን ይጻፍ። ክፍያው በባንክ ይሁን፤ ገንዘቡም በባለቤቱ ስም ወዳለ ሒሳብ እንጂ በደላላ ሒሳብ አይግባ። የመጨረሻው ክፍያ ከስም ዝውውሩ ጋር ይያያዝ።

ቴምብርና ግብር ለመቀነስ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ መጻፍ የተለመደ ሆኗል። ይህ ሐሰትን በፊርማ ማጽደቅ ነው። ጉዳቱም ለገዢው ነው፤ ውሉ ፈርሶ ገንዘብ ይመለስ ቢባል ፍርድ ቤቱ የሚያየው የተጻፈውን ነው። በ900 ሺህ ብር የተገዛ መኪና 300 ሺህ ተብሎ ቢጻፍ፣ ቀሪው 600 ሺህ በማን ምስክርነት ይመለሳል?

ስም ቶሎ ማዛወር ለሻጩም ይጠቅመዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የመኪና ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ያደርገዋል። የሸጠው መኪና በስሙ እያለ ሰው ቢገጭ መጀመሪያ የሚጠራው እርሱ ነው።

8. ደላላውና ዋጋው

የድለላ ሥራ በራሱ ሐላል ነው፤ ኮሚሽኑ አስቀድሞ ታውቆና ሁለቱም ወገን ተስማምተው ከሆነ። ሐራሙ ሌላ ነው። ገዢ ሳይሆኑ ዋጋ እየጨመሩ ሌላውን ማነሣሣት (ነጅሽ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የከለከሉት ነው። «ሌላ ሰው ከሻሸመኔ ገንዘብ ይዞ እየመጣ ነው፤ ዛሬ ካልያዝከው አምልጦሃል» የሚለው ወሬ ብዙ ጊዜ ከዚህ የሚመደብ ነው። ከሻጩ «ይህን ያህል» ተብሎ ለገዢው ሌላ ዋጋ በመንገር ልዩነቱን በድብቅ መውሰድም ማታለል ነው። መድኃኒቱ ገዢና ባለቤት ፊት ለፊት ተገናኝተው ዋጋውን መነጋገራቸው ነው።

9. ከገዛን በኋላ ችግር ቢገኝስ?

በሸሪዓ ገዢው ሳያውቀው ከውሉ በፊት የነበረና ዋጋ የሚቀንስ ነውር ካገኘ ኺያሩል ዐይብ አለው፤ መመለስ ይችላል። ነውሩን ካወቀ በኋላ ግን ዝም ብሎ መጠቀሙን ከቀጠለ እንደ ፈቀደ ሊቆጠር ይችላል። የአገሪቱ ሕግም ሻጩ ለስውር ነውርና ሌላ ሰው መብት አለኝ ብሎ ለሚያነሣው ክርክር ዋስትና እንዲሰጥ ያስገድዳል። ገዢው ግን ነውሩን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ሻጩ እያወቀ የደበቀው ነውር ከሆነ «እንዳለ ነው የሸጥኩልህ» የሚለው ቃል ሊያድነው አይገባም።

መኪናው የተሰረቀ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። የተሰረቀ ዕቃ ባለቤት በቅን ልቦና ከገዛ ሰው ሳይቀር መልሶ እንዲጠይቅ ሕጉ ይፈቅዳል። ያኔ መኪናውን ለሌላ ሰው አሻግሮ ለመገላገል ማሰብ ወንጀልም ኃጢአትም ነው። ወደ ፖሊስ ሄዶ ማሳወቅ፣ ውሉንና የባንክ ማስረጃውን ይዞ ሻጩን መጠየቅ ብቸኛው መንገድ ነው። የባንክ ክፍያና የተረጋገጠ ውል ያኔ ዋጋቸው ይታያል።

በአጭሩ ቅደም ተከተሉ

1. መኪናውን በቀን አይቶ ሻንሲ፣ ሞተርና ሊብሬ ማመሳከር።
2. በሻንሲ ቁጥሩ የውጭ አገር ታሪኩንና የኤርባግ ጥሪውን ማየት።
3. በራስ መካኒክ፣ በቀዝቃዛ ሞተር፣ በአቀበት መፈተሽ።
4. ከባለቤቱ ጋር ፋይሉ ያለበት መሥሪያ ቤት ሄዶ እግድ መኖር አለመኖሩን ማጣራት።
5. የባንክ፣ የግብርና የቀረጥ ማስረጃዎችን ማየት።
6. የሻጩን መታወቂያ፣ የትዳር ሁኔታ፣ ውክልና ወይም ወራሽነት ማረጋገጥ።
7. ከዚህ ሁሉ በኋላ ቀብድ፣ የተረጋገጠ ውል፣ በባንክ ክፍያና ስም ዝውውር።

ከነዚህ አንዱ ካልተሟላ መኪናው የቱንም ያህል ቢያምር እንተወው፤ አላህ የጻፈልን ሪዝቅ በጥድፊያ ምክንያት አያመልጠንም። ሻጭ የሆናችሁ ወንድሞችና እህቶችም የምታውቁትን ነውር ተናግራችሁ ሽጡ፤ ዋጋው ትንሽ ቢቀንስም በረካው ይቀራል።

አላህ ግዢና ሽያጫችንን ሐላልና በረካ ያለው ያድርግልን፤ መንገዳችንንም ሰላም ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።